ቀለም የለቀቁት ጠጠሮች

ውድ የልጄ አባት፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ በሌላ ቃል ሲጀመር ስላላየሁ ነው፤ ብዙም አትደሰትበት። ጤንነትህንም አልጠይቅህም። ደህና መሆንህን፣ እንዲያውም ወፈር ማለትህን ታላቅ ወንድምህ ጋሼ ነግረውኛል።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የላክኸው ከረጢት ተመልሶ መጥቶልሃል። ማንበብህን ትተህ መጀመሪያ እሱን ክፈተውና ውስጡን እይ። አዎ፣ ያንተው ጠጠሮች ናቸው፤ አልተለወጡም። ስትልካቸው ቀይ፣ ቢጫ፣ ሐምራዊ ነበሩ። አሁን ግራጫ ናቸው። እንዴት ግራጫ እንደሆኑ እነግርሃለሁ። «ቅዳሜ ልምጣ ወይ?» ብለህ በወንድምህ ላስጠየቅኸኝም መልሱን እዚያው ውስጥ ታገኘዋለህ።

ጋሼ ባለፈው ሳምንት ነው የመጡት። ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው፣ ያቀረብኩላቸውን ሻይ ሳይነኩ፣ ጉሮሯቸውን ሁለት ሦስቴ ጠረጉ። ከረጢቱን ጭናቸው ላይ እንደ ሕፃን ታቅፈውታል።

«ተጸጽቷል» አሉኝ።

«ምን አለ?»

«እሱማ... በአፉ ምንም አላለም» አሉ፤ እሳቸውንም አሳፈራቸው። «ግን የልጅቷን ክፍል በፈለገችው ቀለም ልቀባላት ብሏል። ለዓሣዎቿም ይሄን ላከ። የመስታወት ሣጥናቸው ቀስተ ደመና ይመስላል ብሏል።»

ሳቄ መጣብኝ። ጋሼ ቅር እንዳይላቸው ብዬ «ሻይዎ ቀዘቀዘ፣ ልለውጥልዎት» ብዬ ወደ ወጥ ቤት ገባሁና እዚያ ሳቅሁ። ከዚያ ቀና ስል የወጥ ቤቱን ቢጫ ግድግዳ አየሁት፤ ሳቄም አለቀ።

ይህ ግድግዳ ቢጫ የሆነው ልደቴን ረስተህ ከጓደኞችህ ጋር ያመሸህ ጊዜ ነው። ሳሎኑ ክሬም የሆነው እናቴ ሞታ ቀብሯ ላይ ሳትደርስልኝ የቀረህ ጊዜ ነው። የዚያችን ሴት መልእክት ስልክህ ላይ ያየሁ ቀን ደግሞ ጨርቄን ጠቅልዬ ልወጣ ቆርጬ ከሥራ ስመለስ መኝታ ቤቱ ሰማያዊ ሆኖ ጠበቀኝ፣ ጣሪያው ሳይቀር። «ይቅርታ» የምትባለውን ቃል ካንተ አፍ ሰምቼ አላውቅም። ያንተ ይቅርታ በባልዲ ነው የሚመጣው። ከታች ያለችው ጎረቤታችን፣ ነርሷ፣ በመጣች ቁጥር ዓይኗን እያንከራተተች «ታድለሽ! ያንቺ ቤት እኮ ሁሌ አዲስ ነው» ትለኛለች። ምን ልበላት? ባሌ ባጠፋ ቁጥር ነው የሚታደሰው ልበላት? ፈገግ እላለሁ፣ ሻይ አቀርብላታለሁ።

ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ያለችውን እርጥብ ግድግዳስ ታስታውሳታለህ? ደንበኞችህን በስልክ ስትመክር በጆሮዬ ሰምቼሃለሁ። «እርጥብ ግድግዳ ቀለም አይይዝም ጌታዬ፤ መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ይፈለግ» ትላለህ፣ እንደ ሐኪም ረጋ ብለህ። በሰው ቤት ጎበዝ ነህ። በራስህ ቤት ግን ቁም ሣጥኑን ገፋ አድርገህ ከላዩ ለቅልቀህበት መለስከው። ዝናቡ ሳያባራ አብጦ ተላጠ። አሁንም እንደተላጠ ነው፤ ነርሷ እዚያ ድረስ አትገባም።

የኔን ሥራ ደግሞ ታውቃለህ፤ ማለቴ ላውንደሪ እንደምሠራ ታውቃለህ፣ ምን እንደምሠራ ግን ጠይቀኸኝ አታውቅም። እኛ ዘንድ ቀለም የሚያምር ሳይሆን የሚፈራ ነገር ነው። አዲስ ቀይ ሸሚዝ ሲመጣ ጫፉን አርጥበን በነጭ ፎጣ ጠቅለል እናደርግና ጨመቅ እናደርገዋለን። ፎጣው ከቀላ ሸሚዙ ለብቻው ይታጠባል፤ ካልቀላ ከሰው ልብስ ጋር ይገባል። በቃ፣ ይኸው ነው። አንተ ቀለምን የምታውቀው ግድግዳ ላይ ሲደርቅ ነው፤ እኔ የማውቀው ውሃ ሲነካው ነው። አንድ አልጋ ላይ ስንተኛ ኖረን ስለዚህ አንድም ቀን አላወራንም። ብናወራ ኖሮ ሆዳሙ ዛሬም በሕይወት ይኖር ነበር።

ሆዳሙን መቼም አልረሳኸውም። ስሙን ያወጣህለት አንተ ነህ። ልጃችን መስታወቱን በጣቷ ነካ ባደረገች ቁጥር አፉን ከፍቶ ይመጣ የነበረው ብርቱካናማው ዓሣ፣ ከዓይኑ ሥር የሩዝ ፍሬ የምታህል ነጭ ነጥብ የነበረችው። ከሁለቱ ጥቋቁር ትንንሾች ጋር በዚያ ሣጥን ውስጥ ነበር የሚኖረው። እሷ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ቦርሳዋን ሳትጥል መጀመሪያ ሰላም የምትለው እሱን ነበር። እኛ ከሦስቱም በኋላ አራተኛና አምስተኛ ነበርን።

ትምህርት ቤቷ መድረክ ላይ ወጥታ ለብቻዋ የዘፈነች ቀን ነው ነገሩ የጀመረው። ፊት ለፊት ካሉት ወንበሮች አንዱ ላይ ሹራቧን አስቀምጣ «ይሄ የአባዬ ነው» ብላ ሰው እንዳይቀመጥበት እኔን አስጠበቀችኝ። ዘፈኗ አለቀ፣ ተጨበጨበላት፣ ሹራቧ ወንበሩ ላይ ብቻውን ነበር። ማታ መጥተህ «ሥራ በዛብኝ» አልክ። «ምንም አይደል አባዬ» አለችህ። በማግስቱ ቅዳሜና እሁድን ልታሳልፍ እህቴ ዘንድ ሄደች። አንተም ባልዲህን ፈለግህ።

እኔ ከሥራ ስመለስ የቀለም ማቅጠኛው የአኳራጁ ሽታ ደረጃው ላይ ተቀበለኝ። ሮጬ ገባሁ። ሣጥኑን አራግፈህ፣ የጀርባውን መስታወት ከውስጥ በኩል ከመኝታ ቤቱ በተረፈው ሰማያዊ የዘይት ቀለም ቀብተኸዋል። ጠጠሮቹን ደግሞ ገሚሱን ቀይ ገሚሱን ቢጫ አድርገህ፣ በፀጉር ማድረቂያዬ አድርቀህ፣ ውሃ ሞልተህ፣ ዓሣዎቹን መልሰህ፣ ፊት ለፊቱ ወንበር ስበህ ተቀምጠሃል። ፊትህ በርቷል።

«አያምርም?» አልከኝ።

«ቀለሙ ደርቋል?»

«በጣቴ ነክቼዋለሁ።»

በጣትህ! ሰው ግድግዳ በጣቱ ይነካል፤ እነሱ እኮ የሚተነፍሱት ያንን ውሃ ነው። ራት ሳንበላ ሆዳሙ ከላይ መጥቶ አፉን መክፈትና መዝጋት ጀመረ። «ይኸው ራበው» አልክ፤ ምግብም ጨመርክለት። እኔ ሳፋ ንጹሕ ውሃ ሞልቼ ሦስቱንም አወጣኋቸው፤ አልሆነም። ሲነጋ ሦስቱም በጎናቸው ተኝተው ነበር።

እዚህ ላይ በደንብ አድምጠኝ። እኔ በዓሣዎቹ ሞት አልተቀየምኩህም። ሰው ነህ፣ ተሳሳትክ፤ ያውም ልጅህን ደስ ላሰኝ ብለህ። ወለሉ ላይ ተቀምጠህ ቀለሙን በምላጭ ስትፍቅ አይቼህ አንጀቴን በልተኸኝ ነበር። አጠገብህ ተቀምጬ አብሬህ ፍቄያለሁ። የተቀየምኩህ ከዚያ በኋላ ባደረግኸው ነው።

የሞተውን በፌስታል ይዘህ ወጣህ። ዓሣ መሸጫ ሄደህ «ይሄን የሚመስል» ብለህ መረጥክ። ሁለት ጥቋቁሮችም ጨመርክ። ሣጥኑን አጥበህ፣ ሌላ ጠጠር አንጥፈህ፣ ሁሉንም እንደነበረ አደረግኸው። ለሞቱት እንኳ ትንሽ ጉድጓድ አልተቆፈረላቸውም፤ የት እንደጣልካቸው እስከዛሬ አላውቅም።

«ንገራት» አልኩህ።

«ትብላና» አልክ። ከበላች በኋላ «የቤት ሥራዋን ትጨርስና» አልክ። የቤት ሥራዋን ጨርሳ መስታወቱን በጣቷ ነካ ስታደርግ አዲሱ ዓሣ ደንግጦ ጥግ ያዘ።

«አባዬ፣ ሆዳሙ ምን ሆነ?» አለችህ።

ሳቅ አልክ። ራሷን ዳሰስ አደረግኻት። «ሆዳሙ ደህና ነው። ስለጠፋሽበት አኩርፎ ነው» አልካት።

እኔ ዝም ያልኩት ያ ቃል ከአፍህ መውጣት ስለነበረበት ነው። ነገ ይነግራታል ስል፣ ከነገ ወዲያ ስል፣ ርቆ ያለ ሆቴል የመቀባት ሥራ መጣ። ልብስህን ሸከፍክ። በሩ ላይ ሆነህ «ሁለት ሳምንት ብቻ ነው የኔ ቆንጆ» አልካት፤ ሳቅ ብለህ፣ ራሷን ዳሰስ አድርገህ። ከዚያ ሆቴሉ ተቀባ። ተመረቀ። እንግዶች ገቡበት። የቀባኸው ቀለም ሳያረጅ አይቀርም፤ አንተ ግን አልመጣህም። እዚያ ስላገኘሃት ሴት አንድ ቃል አልተነፍስም። ነገሩ ማለቁን ጋሼ ነግረውኛል። ስላለቀ መሰለኝ የናፈቅንህ።

ወደ ጠጠሮቹ ልመለስ።

ጋሼ ሲወጡ ልጅህ ከረጢቱን ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈችው። ቁመቷ ትከሻዬ ደርሷል፤ ብታያት አታውቃትም። አንዱን ቀይ ጠጠር አንስታ ወደ መስኮቱ ይዛ አገላብጣ አየችው።

«እማ፣ እንደ ሸሚዝ እንፈትናቸው?» አለችኝ።

አርጥበን በነጭ ፎጣ ጠቀለልናቸው። ጨመቅ አደረገችው፣ ከፈተችው። ቀዩም ቢጫውም ሐምራዊውም ፎጣው ላይ ታትሟል። የቀሩትን ባልዲ ውሃ ውስጥ ከተትናቸው፤ ሲነጋ ውሃው የሳል ሽሮፕ መስሏል፣ ቀለሙም ከላያቸው እየተላጠ ይንሳፈፋል። ከሥር ግራጫ ጠጠር ወጣ፣ ማንም ሰው ወንዝ ዳር የሚያገኘው።

«እንኳን አልጨመርናቸው» አለች። «ዓሣዎቹ እንደነ ሆዳሙ ይሆኑ ነበር።»

ፎጣው ከእጄ ወደቀ። «ሆዳሙ ምን ሆነ?» አልኳት።

«እማ ደግሞ!» አለች፤ እኔ ሕፃኗ፣ እሷ እናቲቱ ሆነን ቁጭ። «ሞተ አይደል እንዴ።»

«መቼ አወቅሽ?»

«ከአክስቴ ቤት የመጣሁ ቀን። ነጯ ነጥብ የለችማ። ደግሞ መስታወቱ ጥግ ላስቲኩ ሥር ሰማያዊ ቀለም ቀርቶ ነበር። አባዬ ጥፍር ውስጥም ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«አባዬ እንዳያፍር ነዋ።»

ሰማህ? እንዳታፍር ነው። አንተ እሷን ያታለልክ መስሎህ ስትኩራራ፣ እሷ ነበረች ገመናህን የሸፈነችልህ። አንተ ቤት ስትሆን ዓሣውን «ሆዳሙ» እያለች ትጠራዋለች፤ በሩን ዘግተህ ስትወጣ «እንግዳው» ትለዋለች። ስሙ እንግዳው ነው። ለሆዳሙም ብቻዋን አልቅሳለታለች፣ መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ ቧንቧውን ከፍታ። እንኳን አንተ እኔም አልሰማኋትም።

አላስችል ብሎኝ ሌላም ጠየቅኋት። «አባትሽ ሁለት ሳምንት ብሎ ሲሄድስ አምነሽው ነበር?»

«አይ።»

«እንዴት?»

«ሆዳሙ ደህና ነው ባለበት ድምፅ ነዋ የተናገረው» አለች። «ሳቅ ብሎ፣ ራሴን ዳሰስ አድርጎ።»

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። እኔ ትልቋ ሴትዮ በሩ በተንኳኳ ቁጥር ፀጉሬን እየነካካሁ ስሮጥ፣ ያቺ እንጭጭ ልጅ እንደማትመጣ አውቃ የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር። አላዘነችም ማለቴ አይደለም። አዝና፣ ጨርሳ ነበር።

በማግስቱ ዓሣ መሸጫው ሄድን። ሣጥኑ ግን ቀለም ይኑረው አለች ልጅህ፣ ሰማያዊ። ሰማያዊ ትወዳለች፣ በዚህ እንኳ አንተን መሰለች። ባለሱቋ ፈርጠም ያለች ሴት ናት፤ ነገሩን ገና ከመጀመሬ ክው አለች።

«ውይ! የሞተ ዓሣ በፌስታል ይዞ መጥቶ መንታ ወንድሙን ፈልጊልኝ ያለኝ ሰውዬ ሚስት ነሽ?» አለችኝ።

«ነበርኩ» አልኳት።

ከዚያ አንድ በአንድ ነገረችን። ውሃው ላይ የምግብ ቀለም ምናምን እንዳይገባ። ጠጠር የራሱ የተፈጥሮ መልክ ያለው ይሁን፤ አቼቶ ጠብ ሲደረግበት አረፋ ካወጣ ይቅር። አረንጓዴ ከተፈለገ ቅጠል ይተከል፤ እነሱም ይወዱታል። መብራቱ ቀን ከሌት አይብራባቸው፤ ዓሣም ይተኛል።

«ሰማያዊስ?» አለች ልጅህ።

«ሰማያዊ ከውጭ ነው የኔ እናት። የጀርባውን መስታወት ከውጭ በኩል ቀቢው። ያኔ ዓሣው ያየዋል እንጂ አይቀምሰውም።»

እንዲያ አደረግን። ዕቃ ቤት የተውከው ሰማያዊ ቀለም አልደረቀም ነበር። ዓሣዎቹን በባልዲ እኔ ክፍል አስገብተን በሩን ዘጋን፤ መስኮቶቹን ከፈትን። ያንተኑ ብሩሽ ይዛ እሷው ቀባችው። ሽታው ከቤት ድራሹ እስኪጠፋ ሣጥኑን አልሞላነውም፤ ቸኮለች፣ አስቸኮለችኝ፣ እንቢ አልኳት። አሁን እንግዳው ከሰማያዊው ፊት ለፊት ሲያልፍ ማማሩ! ቀለሙ ያው ያንተው ነው፤ ማንንም አልገደለም። ዕድሜህን ሙሉ ነገርን ሁሉ ከላይ ከላይ ስትቀባ ኖረህ፣ ከላይ መቀባት ብቻ በሚበቃበት በዚያ አንድ ቀን ከውስጥ ቀባህ። ይህን ሳስበው ያናድደኛል፤ ያስቀኛልም።

ይህን ሁሉ ሳልጽፍልህ «አትምጣ» ብዬ በጋሼ ልልክብህ እችል ነበር። የጻፍኩልህ ትናንት ራት ላይ ስላየሁት ነገር ነው።

«ቅዳሜ አባትሽ ቢመጣ ደስ ይልሻል?» አልኳት።

«አዎ!» አለች፤ አፌን እንኳ አልዘጋሁም። አልደብቅህም፣ ትወድሃለች። ብትጠላህ ኖሮ ሥራዬ ቀላል ነበር።

«ስለ ሆዳሙ ቢጠይቅሽስ?»

ማንኪያዋን አስቀመጠች። ሳቅ አለች። እጄን ዳሰስ አደረገችኝ። «ሆዳሙ ደህና ነው እለዋለሁ» አለች።

ድምፁ ያንተ ነበር። አንተ ራስህ ወንበሩ ላይ የተቀመጥክ ነው የመሰለኝ። ያ ሳቅ፣ ያ መዳሰስ፣ ያ ለስላሳ ነገር። ላንተ ብላ ነው የተማረችው፣ አንተን እንዳታሳፍርህ። ነገ ለኔም ትለዋለች። ከነገ ወዲያ ለሚያገባት ሰው ትለዋለች፤ እሱም በዚያው ድምፅ የሚላትን እየተቀበለች ትኖራለች። እኔ ያንን ኑሮ አውቀዋለሁ፣ ግድግዳዬ ሁሉ እሱ ነው። ፈራሁ። ካንተ ጋር በኖርኩበት ዘመን ሁሉ እንደ ትናንቱ ፈርቼ አላውቅም።

«እንዳትነግሪው ታዲያ» አለችኝ።

«እነግረዋለሁ» አልኳት። አኮረፈች፣ ራቷንም አልጨረሰች። ታኩርፍ። እዚህ ቤት ውስጥ በግልጽ የተኮረፈው እሱ የመጀመሪያው ነው።

ስለዚህ ቅዳሜ አትምጣ። ክፍሏን አትቀባም፤ ክፍሏ እንዳለ ደህና ነው። የኔን ይቅርታም ተወው፤ ሦስት ክፍል ሙሉ አለኝ። ከእለታት አንድ ቀን «ሆዳሙን የገደልኩት እኔ ነኝ፣ ዋሸሁሽም» ብለህ በገዛ አፍህ፣ ሳትስቅ፣ ራሷን ሳትዳስስ ልትነግራት ከቻልክ ባዶ እጅህን ና፤ በሩን ራሴ እከፍትልሃለሁ። ካልቻልክ ግን እንደ ሰማያዊው ከመስታወቱ ውጭ ሁን። ከዚያ ሆነህ ስትታይ ታምራለህ።

ጠጠሮቹን መጣል አሳዝኖኝ ነው የመለስኩልህ። አቼቶ ጠብ አድርገንባቸው ነበር፤ አንዱም አረፋ አላወጣም። ደህና ድንጋዮች ናቸው። እንዲሁ ግራጫ እንደሆኑ ብትልክላት ኖሮ ዛሬ ሣጥኗ ውስጥ ነበሩ።

የልጅህ እናት